ጠረጴዛ ሆድ ውስጥ ያለ መተኮሻ

*ከደባርቅ እስከ ዳባት በአንድ ክፍል ኪራይ ቤቶች ካውያ የራሱ ቦታ የለውም። ቦታውን ሊሠሩለት የሚችሉ አናጢዎች ግን በየመንገዱ ዳር አሉ።*

እሑድ ሲመሽ ደባርቅ ውስጥ ብዙ ቤት አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። እራት ተበልቶ መሶቡ ይነሣል። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ተጣጥፎ ሶፋው ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ የአበባ ማስቀመጫውና ሪሞቱ ወደ ቡፌው ይሻገራሉ። ብርድ ልብስ በአራት ታጥፎ ይዘረጋል፤ በላዩ አሮጌ አንሶላ ይለብሳል። ካውያው ይሰካል። የሰኞ ዩኒፎርም ወንበር ላይ ተከምሮ ተራውን ይጠብቃል።

ጠረጴዛው የተሠራው ለቡና ስኒ ስለሆነ ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። የምትተኩሰው ልጅ ወይ ትንበረከካለች ወይ ወገቧን አጥፋ ትቆማለች። ብርድ ልብሱ በካውያው ግፊት እየተንሸራተተ ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡም ሸሚዙ ላይ ይታተማል። የሱሪው ጫፍ መሬት እንዳይጠርግ በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው ይተኮሳል። ሱሪ ሁለት መስመር የሚያወጣው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የቀድሞው መስመር በደንብ ሳይጠፋ አጠገቡ ሌላ ይሰመራል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁሉም ያየዋል።

መተኮሻ ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ጥቂት ነው። እግሩ ተጣጥፎ የሚዘረጋ፣ አንድ ጫፉ የጠበበ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ረጅም ሰሌዳ ነው። ሰው በፊልም ያየዋል፣ በሆቴል ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘዋል። ለቤቱ ለመግዛት ሲያስብ ግን አንድ ጥያቄ ይገታዋል፤ የት ያቆመዋል? አልጋ፣ ሶፋ፣ ቡፌና የእህል ጆንያ በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ቤት፣ በሳምንት አንድ ምሽት ለሚያስፈልግ ሥራ ከሜትር በላይ የሚረዝም ዕቃ ግድግዳ አስደግፎ መኖር አይቻልም።

መልሱ ያለው እዚያው ጠረጴዛ ውስጥ ነው። ላዩ ምግብ የሚበላበትና የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ ከሥሩ ደግሞ ሲፈለግ ወጥቶ የሚቆም፣ ሲበቃ የሚገባ መተኮሻ የያዘ ጠረጴዛ ማሠራት ይቻላል። እንዲህ ያለው የቤት ዕቃ በሌላው ዓለም ብርቅ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ከተሞች ግን እስካሁን የአናጢ ወሬ፣ የጥቂቶች ምኞት ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሊቀየር የሚገባው ነገር ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ከቤቱ እንጀምር።

ለእንግዳ የተገዛ ቤት

በደጋው ዕቃ ሲገዛ ቅድሚያ የሚያገኘው እንግዳ ነው። ሶፋው ለእንግዳ ነው፤ ቡፌው የእንግዳ ስኒ ይይዛል፤ ዳንቴሉ ለእንግዳ ዓይን ነው። ሰው አክባሪነታችን ያመጣው ነውና ላነውረው አልፈልግም። ነገር ግን ሥራ የሚሠራበት ዕቃ ወረፋ ሳይደርሰው ይቀራል። ልብስ በሳፋ መሬት ላይ ይታጠባል። ሽንኩርት ጉልበት ላይ ይከተፋል። ገብሱን መሬት ተቀምጠው በሰፌድ ያበጥሩታል። ወገብ ታጥፎ የሚውልበት ይህ ሁሉ ሥራ ባብዛኛው የሴቶችና የልጃገረዶች ነው፤ ካውያም የዚሁ ዘመድ ነው።

አሮጌው ቤታችን ስለ ቦታ አያያዝ ብዙ ያውቅ ነበር። መደብ ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ ነው። ቆጥ ከከብቱ በላይ መኝታ ይሰጣል፤ ከሥር የሚነሣው ሙቀትም የደጋውን ብርድ ይሰብራል። መሶብ እንጀራውን ይይዛል፣ ይሸፍናል፣ ክዳኑ ሲነሣ ራሱ ገበታ ይሆናል። አንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ጉዳይ መፈጸሙ ለአካባቢው ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቤቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ዕቃውም ከከተማ ተገዝቶ ሲመጣ ነው ይህ ጥበብ የተረሳው። ሶፋ ሶፋ ብቻ ሆነ፤ ጠረጴዛም ጠረጴዛ ብቻ።

ለውጡ ጎልቶ የሚታይባቸው ሰዎች ደባርቅ ውስጥ አሉ። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት ቤተሰቦች ከሣር ጎጆ ወደ ከተማ ቤት የገቡት በአንድ ጊዜ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ቢሆንም፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉት ጋር ተቆጥሮ ነበር። የግጭ ሰዎች መነሣት በፓርኩ ውስጥ ያለውን የግጦሽና የእርሻ ጫና ለመቀነስ ከተወሰዱት እርምጃዎች ዋነኛው ነው። ለእነርሱ ከተማ ማለት ልጅን ዩኒፎርም አልብሶ ትምህርት ቤት መስደድ፣ ለቢሮ ጉዳይ የተተኮሰ ኮት መልበስ ማለትም ሆነ።

> ሥራ የሚሠራበት ዕቃ ወረፋ ሳይደርሰው ይቀራል፤ ወገብ ታጥፎ ይውላል።

ሌላው ቤት ፈላጊ ተከራዩ ነው። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛው በዝቷል። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ደግሞ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች መጡ። ብዙዎቹ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ከተሠሩት ክፍሎች አንዷን ይከራያሉ። አንድ ወጣት መምህር ጠረጴዛው የሚሰጠውን አገልግሎት ሲዘረዝር ቁርስ፣ ፈተና ማረሚያ፣ ላፕቶፕ፣ ካውያ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የካውያ ቅርጽ ቃጠሎም በወረቀት ሸፍኖታል። ዕቃው የአከራዩ ነው፤ ሲለቅ ይጠየቅበታል።

ጉም፣ ከሰልና እርጥብ ዩኒፎርም

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዳባት በመንገዱ ትቀድማለች፤ እርሷም ደጋ ናት። ከሰኔ ጀምሮ ክረምቱ ሲገባ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወደ ላይ እየወጣ ከተማዋን ቀን በቀን ይሸፍናታል። በዚያ ወቅት የታጠበ ልብስ በአንድ ቀን ስለማይደርቅ ካውያ ከማሳመር ይልቅ የማድረቅ ሥራ ይሰጠዋል። እናት እርጥቡን ሸሚዝ ስትተኩስ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይነሣል፤ ከሥር ያለው ብርድ ልብስም ውኃውን ይጠጣል። ማታ ያንኑ ብርድ ልብስ መልበስ አለና በክረምት የካውያ ሥራ ብርድ ያሳድራል።

መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ ከአልጋ ሥር ይወጣል። ከባድ የብረት ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ይከፈታል፣ ፍም ይሞላል፣ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች አየር ይገባል። ፍሙ ሲደክም ወደ ደጅ ወስደው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል። ሙቀቱን የሚለኩት ጣት በውኃ ነክረው ታቹን ቸብ በማድረግ ነው። ውኃው ጭስ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ለጥጥ ደርሷል ማለት ነው፤ ለሱፍ ግን ገና ይቀዝቅዝ ይባላል። በተጠቀለለ ጨርቅ ታቹን ይጠርጋሉ፤ አንዳንዶቹም እንዲያንሸራትት ሻማ ያስነኩታል። አመዱ አንዲት ጊዜ ነጭ ሸሚዝ ላይ ከረገፈ ወደ ሳፋው መመለስ ነው።

የዚህ ካውያ ዋና አደጋ ግን አመዱ አይደለም። ብርድ ስለሆነ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለዋል። በከሰል ሲተኮስ መስኮት ክፍት ይሁን፤ ፍሙ ሲያበቃ ደጅ ይደር። ይህን ደጋግሞ መናገር ማሰልቸት የለበትም።

በዋናው መንገድ ዳር ያሉት ላውንደሪ ቤቶች የሚሠሩት ቆመው ነው። ጠረጴዛቸው ከፍ ያለ ነው፤ ብርድ ልብሱ ከጠርዙ ሥር በሚስማር ተወጥሮ አይንቀሳቀስም። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዞ የሚውል ሠራተኛ በቤት ውስጥ ስለሚተኮስበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ሲጠየቅ ስለ ካውያው ጥራት አያወራም። «ቁመት ነው ወሳኙ፤ ጎንበስ ብሎ የሚተኩስ ሰው ከካውያው ጋር ይታገላል፤ ቀና ያለ ክብደቱ ይሠራለታል» ይላል። የቤት ዕቃ የሚያሠራ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ምክር ነው።

በሁለት ወንበር ላይ የተጋደመ ጣውላ

ሌላውም ዓለም ከዚህ የተለየ መነሻ አልነበረውም። በአሜሪካ ሴቶች ለረጅም ጊዜ የተኮሱት በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ አለዚያም በሁለት ወንበር መካከል በተጋደመ ጣውላ ላይ ነው። ሰሌዳውን ለልብስ ቅርጽ ካስማሙት ሰዎች አንዷ ሣራ ቡን ናት። በሰሜን ካሮላይና በባርነት ተወልዳ፣ ኋላ ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን ከተማ በልብስ ስፌት የኖረች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1892 የፈጠራ መብት ያገኘችበት ሰሌዳ ጠባብና ጎባጣ ነበር። የሴት ቀሚስ እጅጌ ሳይታጠፍ ይሰካበታል፤ ተገልብጦ በሁለቱም ገጽ ያገለግላል፤ ሥራው ሲያልቅም ይታጠፋል። ቀሚስ ሰፊ ስለነበረች ሰሌዳው ልብሱን ማገልገል እንዳለበት ገብቷታል።

ከእርሷ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሄንሪ ሲሊ የኤሌክትሪክ ካውያ ፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። ኤሌክትሪክ ወደ መኖሪያ ቤት እየገባ ሲሄድ መተኮሻው ቋሚ ቦታ ማግኘት ጀመረ። ከ1910ዎቹ በኋላ በተሠሩ የአሜሪካ አነስተኛ ቤቶች ወጥ ቤት ግድግዳ ውስጥ ጠባብ ቁም ሣጥን ይሠራ ነበር። በሩ ሲከፈት ሰሌዳው ወደ ፊት ይወርዳል፤ ሲያበቃ ቀና ተደርጎ በሩ ይዘጋበታል። ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ።

እኛ ግን ምሳሌ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የሲንጀር ስፌት መኪና ያለበት ቤት መልሱን ያውቃል። ሳጥን ያለው የሲንጀር ጠረጴዛ ክዳኑ ተገልጦ የመኪናው ራስ ከሆዱ ተስቦ ይወጣል፣ በማጠፊያው ላይ ይቆማል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ውስጥ ይተኛል፣ ክዳኑ ይመለሳል፣ በላዩ ዳንቴልና ራዲዮ ይቀመጣል። በየገበያው በረንዳ ላይ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ይህንን ጠረጴዛ ያውቁታል፤ አናጢዎቹም እግሩን ሲጠግኑ፣ ማጠፊያውን ሲቀይሩ ኖረዋል። ስፌት መኪና የሚሸሽግ ጠረጴዛ ያየ ሰው መተኮሻ የሚሸሽገውን ማሰብ አይከብደውም።

> ሥራው ሲያበቃ ወደ ውስጥ ይተኛል፣ ክዳኑ ይመለሳል፣ በላዩ ዳንቴል ይነጠፋል።

ባሕር ዛፍ ይጣመማል

የእንጨት ሥራ ቤት በደባርቅ ቢበዛ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ በር ላይ አልጋና ቡፌ ተደርድሮ፣ ውስጥ መጋዙ እየጮኸ። ወለሉ ላይ ፍቅፋቂው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ኮላና ቫርኒሽ አብረው ይሸታሉ። እዚህ ቤት ስለ ተደባቂ መተኮሻ ሲነሣ አናጢው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ እንጨቱ ነው።

ዋንዛ ሸጋ የቤት ዕቃ እንጨት ነው፤ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ መሮ ይታዘዘዋል። አሁን ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ መቆረጡም የተከለከለ ነው። ጥድና ወይራ በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ውስጥ ተጠብቀው ይታያሉ፤ ማንም መጥረቢያ አያነሣባቸውም። ለአናጢው የቀረለት በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ ግን ያስቸግራል። ውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው ገና ሲሰነጠቅ ይቀለበሳል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ጫፉ ይተረተራል። የደጋው አየር ይህን ያባብሰዋል፤ በክረምት ያበጠ መሳቢያ አልወጣ ይላል፣ በበጋ የከሳ ክዳን ይንቀጫቀጫል።

ባሕር ዛፍን ለዚህ ሥራ የሚያበቁት መንገዶች የታወቁ ናቸው፤ የሚጠፋው ትዕግሥት ነው። ጣውላው ከጥላ ሥር በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ይደረደራል፤ አየር በሁሉም በኩል ያልፋል። ጫፎቹ ቀለም ወይም ሰም ይቀባሉ፤ ውኃው ከጫፍ ቀድሞ እንዳይወጣና እንዳይሰነጠቅ። ወራት ይፈልጋል። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ የሚያብጠውና የሚከሳው በስፋቱ ነው። ስለዚህ ሰፊው የጠረጴዛ ገጽ በሚስማር ተቸንክሮ መታሰር የለበትም፤ ብሎኑ በሞላላ ቀዳዳ ይግባ፣ ገጹ እንዲተነፍስ። መተኮሻው ለሚገባበት ጎድጓዳም በግራና ቀኝ ትንሽ ክፍተት መተው ግድ ነው። ይህን የዘለለ አናጢ የሠራው ዕቃ ሐምሌ ላይ አይከፈትም።

ብዙዎች እንጨቱን ትተው ቺፕውድና ኤም ዲ ኤፍ ይመርጣሉ። ለጠረጴዛው ገጽ ይሁን፤ ለመተኮሻው ሰሌዳ ግን አይሁን። እርጥብ ልብስ ሲተኮስ የሚወርደው እንፋሎት ኤም ዲ ኤፉን ያሳብጠዋል፤ ቺፕውዱን የያዘው ሙጫም በሙቀትና በእርጥበት ይላላል። የሚሻለው በቀጭን ቱቦላሬ ፍሬም የተሠራ፣ በላዩ የተበሳሳ ላሜራ የለበሰ ሰሌዳ ነው። እንፋሎቱ በቀዳዳዎቹ ወደ ታች ያልፋል፤ ልብሱም ቶሎ ይደርቃል። ብየዳ ቤቱ ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጎን ስለሆነ ሁለቱ ባለሙያዎች ተነጋግረው መሥራት ይችላሉ። በላሜራው ላይ ደግሞ ደጋው የራሱን ምርጥ ዕቃ ያዋጣል፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ አሮጌ ባና። የበግ ፀጉር በሙቀት አይቀልጥም፣ እሳትም ቶሎ አይይዘውም፤ ውፍረቱም እኩል ነው። በላዩ አቡጀዲ ተወጥሮ ከሥር በገመድ ይታሰራል፤ ሲቆሽሽ ተፈቶ ይታጠባል። የናይለን ብርድ ልብስ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ካውያው ላይ ይጣበቃል።

ጉልበት የት ይገባል?

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሥራው ሊበላሽ የሚችለው። ለምግብ የሚሆን ጠረጴዛ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ወንበሩ 45 ከሆነ፣ ለጭን ቢያንስ 17 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ የገጹም የጎድጓዳውም ውፍረት ተደምሮ ከ13 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሰሌዳውን፣ ባናውን፣ ካውያውን ሁሉ ልሸሽግ ብሎ ሆዱን 25 ያደረገ አናጢ ማንም እግሩን የማያስገባበት ጠረጴዛ ይሠራል። ሰሌዳው ብቻ ከገጹ ሥር ይተኛ፤ ካውያው ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

ቀጥሎ የሚመጣው የላውንደሪው ሠራተኛ ያነሣው ቁመት ነው። ቆሞ ለመተኮስ ሰሌዳው ከክርን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይመቻል፤ ለአብዛኛው አዋቂ ይህ ከ85 እስከ 95 መካከል ይወድቃል። ሰሌዳው ከጠረጴዛው ጋር እኩል ሆኖ እንደ መሳቢያ ተስቦ ቢወጣ 75 ላይ ይቀራል፤ ወገቡ ይታጠፋል፣ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መውጣት ብቻ ሳይሆን ከፍ ማለት አለበት። ቀላሉ መንገድ ሰሌዳውን ከፊትና ከኋላ በእኩል ርዝመት በተሠሩ ሁለት ጥንድ የብረት ክንዶች ማያያዝ ነው። ወደ ፊት ሲሳብ ክንዶቹ ቀና እያሉ ሰሌዳውን አግድም እንደሆነ ያነሡታል፤ ቀና ብለው ሲያበቁ ፒን ይገባባቸዋል። ፒኑ የሚገባበት ቀዳዳ ሁለት ቢሆን፣ አንዱ ለእናት ሌላው ለ12 ዓመት ልጅ ይሆናል።

ጫፉ ከጠረጴዛው ውጪ ሲወጣ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ካውያ በእጅ ክብደት ይገፋል፤ የከሰሉ ደግሞ ራሱ ይከብዳል። የጠረጴዛው እግሮች ከያዙት ስፋት አልፎ ሩቅ የሚወጣ ሰሌዳ ቀላል ጠረጴዛን ይገለብጣል፤ ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ወይ ሰሌዳው ከእግሮቹ ክልል ሳይርቅ ይቁም፣ ወይ ከጫፉ ሥር የራሱ እግር ወደ ወለል ይውረድ። በሲሚንቶ ላይ እንዳይንሸራተት የእግሩ ታች ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ይጫማ።

የበር ማጠፊያ ለዚህ ሥራ ይበቃል ወይ? አናጢዎች በዚህ ይለያያሉ። አንዳንዱ ከጎንደር የሚመጣው ቀጭን ማጠፊያ በወራት ውስጥ ይላላል ይላል። ሌላው ሦስት ደርቤ እመታለሁ ይላል። እኔ የማምነው ብየዳ ቤት በተሠራ፣ በመካከሉ ወፍራም ብሎን ባለፈበት ማጠፊያ ነው። መልኩ ባያምርም አያሳፍርም፤ ሲላላ በመፍቻ ይጠብቃል፤ ለመጠገን ማንንም ጎንደር አይልክም።

ሙቀቱ የት ይደር?

ዘመናዊ ካውያ ላይ ያሉት ነጥቦች ሙቀት ይናገራሉ። አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ፣ ሁለት 150፣ ሦስት 200 ያህል ነው። ሦስት ነጥብ ላይ የነበረ ካውያ ከሥራ በኋላ ወዲያው ተደባቂ ሣጥን ውስጥ ቢገባ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ጨርቅ ካገኘ ያቃጥላል። ስለዚህ ለካውያው በጠረጴዛው ጎን፣ ክፍት የሆነ፣ በላሜራ የተለበጠ መደርደሪያ ይሠራለት። ላሜራው ከእንጨቱ በትንሽ ቡሽ ወይም ብሎን ከፍ ይበል፤ በመካከሉ አየር ይለፍ። በሩ የተዘጋ ሣጥን ያምራል፤ ግን ቸኩሎ የሚዘጋው ሰው አይጠፋም።

ጠረጴዛው ላይ ሶኬት ይገጠምልኝ የሚሉም አሉ። 2,000 ዋት ካውያ በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል፤ ቀጭን የኤክስቴንሽን ገመድ ለዚህ አልተሠራም። ከዚያው ገመድ ላይ ምድጃም ከተሰካ ገመዱ ይግላል፤ ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል። ካውያው በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰካ፤ ጠረጴዛውም ሶኬቱ ባለበት ጎን ይቁም።

«ማን ይከፍታል?»

ሁሉም አልተቀበለውም። አንዲት ልጆቿን ያሳደገች እናት ሐሳቡ ሲነገራት መጀመሪያ ያነሣችው ጥርጣሬ ነው። «ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንሥቶ፣ ጎትቶ፣ ፒን ሰክቶ ማን ይተኩሳል፤ ብርድ ልብስ መዘርጋት ይቀላል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለመክፈት ከደቂቃ በላይ የሚወስድና ገጹን ማራገፍ የሚጠይቅ ጠረጴዛ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አይከፈትም። ክዳኑ ወደ ላይ ከሚገለጠው ይልቅ ሰሌዳው ከጎን የሚወጣው የሚሻለው ለዚህ ነው፤ የአበባ ማስቀመጫው ካለበት ሳይነካ፣ የልጁ ደብተር ሳይዘጋ ይሠራል።

ተከራዩ የሚያነሣው ስለ ክብደት ነው። ቤት ሲቀየር ዕቃ በጋሪ ወይም በባጃጅ ይጓዛል፤ ሁለት ሰው የማያነሣው ጠረጴዛ ለእርሱ አይሆንም። እግሮቹ በብሎን ተፈትተው የሚወጡ ቢሆኑ ይህ ይቀላል። አናጢው ደግሞ የራሱን ይላል። ቡፌና አልጋ ሠርቶ በር ላይ ቢያቆም ገዢ አያጣም፤ ይህን ግን ማንም አይቶ አያውቀውምና ገንዘቡን አስሮ ሊጠብቅ አይደፍርም። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የክህሎትና የቴክኖሎጂ ውድድሮች ላይ ብዙ ጥቅም የሚሰጡ የቤት ዕቃዎች ሲታዩ ይጨበጨባል። ከዚያ በኋላ ናሙናው መጋዘን ይገባል፤ ሥዕሉም ለመንገድ ዳሩ አናጢ አይደርሰውም። ይህ ያሳዝነኛል። የሚያስፈልገው ልክ የተጻፈበት አንድ ወረቀትና ብየዳ ቤቱ ሊያየው የሚችል አንድ ማጠፊያ ብቻ ነበር።

መተኮሻው ቋሚ ቦታ ሲያገኝ የሚለወጠው የልብሱ መስመር ብቻ እንዳልሆነ የሚናገሩ አሉ። ያ ወጣት መምህር ቆሞ መተኮስ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው ይላል፤ ተንበርክኮ መተኮስ ግን ያስጠላዋል። በየቤቱ ያሉ ወንዶች ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ሰሌዳው ቆሞ ከጠበቃቸው የራሳቸውን ሸሚዝ ይተኩሳሉ፤ ብርድ ልብስ ማጠፍና አንሶላ መወጠር ካለበት ግን እኅታቸውን ይጠራሉ።

ማሠራት ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። ወደ አናጢው ሲሄዱ በቤት ውስጥ በብዛት የሚተኩሰውን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ አናጢው ከወለል እስከ ክርን በሜትሩ ይለካው። የጠረጴዛው ርዝመት 120፣ የሰሌዳው 110፣ ወርዱ 32 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ ክፍል ይበቃል። የሰሌዳው አንድ ጫፍ ለእጅጌና ለትከሻ እንዲሆን ይጥበብ። እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ ይጠይቁ፤ እርጥብ ከሆነ ቀብድ ከፍለው ይጠብቁ። ብየዳ ቤቱ ክንዶቹን ሠርቶ ሳይጨርስ ጠረጴዛው ቫርኒሽ አይቀባ። ሲረከቡም በሱቁ ውስጥ እርጥብ ሱሪ ተጥሎበት ይሞከር፤ አንዱ ጫፉን በእጁ ተጭኖ ጠረጴዛው ይነሣ እንደሆነ ይይ። አናጢዎቹ የሚሉት የመጀመሪያው ከባድ ነው፤ ልኩ አንዴ ከተያዘ ቀሪው እንደ አልጋ ይቆረጣል። ጎረቤታሞች ተነጋግረው ሦስት በአንድ ጊዜ ቢያዙ ዋጋውም ይቀንሳል፣ አናጢውም ይደፍራል።